ፎርማት ከማስደረግዎ በፊት፦ የአንባቢያን የኮምፒውተርና የኢንተርኔት ጥያቄዎች

በዚህ እትም የምንመልሳቸው ጥያቄዎች ከአዳማ የመጡ ናቸው። አብዛኞቹ ጠያቂዎች ለመጀመሪያ ጊዜ ቤታቸው ኮምፒውተር ያስገቡ ሰዎች ናቸው፤ ማሽኖቹም ያገለገሉ ናቸው። ደብዳቤዎቹ ውስጥ ደጋግሞ የሚመጣ አንድ ቃል አለ፦ ፎርማት። ኮምፒውተር ሲዘገይም፣ ሲጠፋም፣ ኢንተርኔት አልከፍት ሲልም የሚታዘዘው መድኃኒት እሱ ነው። ፎርማት ማለት ዲስኩ ላይ ያለውን ሁሉ ጠርጎ ዊንዶውስን እንደ አዲስ መጫን ነው፤ የሶፍትዌር ችግር ይፈታል። አቧራን፣ ሙቀትን፣ የደከመ ባትሪንና የተበላሸ የመብራት መስመርን ግን አይፈታም፤ በመካከሉ የልጆች ፎቶና የመመረቂያ ጽሑፍ ይጠፋል። ስለዚህ ከመልሶቹ አንዳንዶቹን ዘርዘር አድርገናል።

ያገለገለ ላፕቶፕ ከገዛሁ ስድስት ወር ሆነኝ። ለመክፈት አምስት ደቂቃ ይፈጅበታል። ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ ሲበረታ ደግሞ ፋኑ ይጮህና ራሱ ይጠፋል። ጠጋኙ ፎርማት ይደረግ ብሎኛል። ላስደርገው?
*ከቦኩ ሸነን*

አሁን አያስደርጉት። የጻፉልን ሁለት የተለያዩ ችግሮች ናቸው፤ ለየብቻቸው እንያቸው።

ራሱ መጥፋቱ የሙቀት ምልክት ነው። ፕሮሰሰሩ ወደ 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲጠጋ መጀመሪያ ፍጥነቱን ይቀንሳል። ሙቀቱ አሁንም ካልወረደ እንዳይቃጠል ድንገት ይጠፋል። አዳማ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ያለች ነፋሻ ከተማ ናት፤ በበጋ ነፋሱ ደረቅ አቧራ ይዞ በመስኮትም በበርም ይገባል። ላፕቶፑ ሲከፈት አቧራው በብዛት የሚገኘው ፋኑ ላይ አይደለም። ፋኑ አየር በሚተፋበት በኩል ያለው ክንፍ ክንፍ ያለው ብረት ላይ ተደራርቦ እንደ ጥጥ ንጣፍ ሆኖ ይገኛል። ከውጭ በአፍ መንፋት ያንን ንጣፍ አያወጣም፤ እርጥበት ነው የሚጨምረው።

ለማጽዳት ኮምፒውተሩን ያጥፉ፣ ቻርጀሩን ይንቀሉ፣ ባትሪው የሚወጣ ከሆነ ያውጡ፤ ከዚያ ማብሪያውን ለ15 ሰከንድ ያህል ተጭነው ይቆዩ። ባትሪው ውስጥ ያለ ከሆነ ክዳኑ እንደተከፈተ ከሁሉ በፊት የባትሪውን ሶኬት ይንቀሉ። ብሎኖቹን በአንድ ሳህን ውስጥ አይደባልቁ። ወረቀት ላይ የላፕቶፑን ቅርጽ ይሳሉና እያንዳንዱን በየቦታው ያስቀምጡ፤ ርዝመታቸው ይለያያል፤ ረጅሙ በአጭሩ ቦታ ከገባ ከላይ ያለውን ፕላስቲክ ወይም ቦርዱን ይወጋል። አቧራውን በደረቅ ለስላሳ ብሩሽና በብሎወር ያስወጡ። ብሎወር ሲጠቀሙ ፋኑን በጣት ይዘው ያስቁሙት፤ በአየር ኃይል ከልክ በላይ ከተሽከረከረ ይበላሻል። እርጥብ ጨርቅ አያስጠጉ።

ከጸዳም በኋላ የሚሞቅ ከሆነ በፕሮሰሰሩና በማቀዝቀዣው መካከል ያለው ቴርማል ፔስት ደርቋል ማለት ነው። አሮጌው በአይሶፕሮፒል አልኮል ይጠረግና የአንዲት ምስር ፍሬ ያህል አዲስ ይደረጋል። ብዙ መቀባት አይጠቅምም። ማቀዝቀዣው ሲመለስ ብሎኖቹ አጠገብ 1፣ 2፣ 3፣ 4 የሚል ቁጥር ካለ በዚያ ቅደም ተከተል ጥቂት ጥቂት እያጠበቁ ይዙሩ። ይህን የፔስት ሥራ እጅዎ ካልለመደ ለባለሙያ ይስጡት። ላፕቶፑን አልጋ ወይም ትራስ ላይ አስቀምጦ መሥራት የአየር ማስገቢያውን ስለሚደፍን ጽዳቱን ሁሉ ከንቱ ያደርገዋል።

አሁን ወደ መዘግየቱ። ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕ አንድ ላይ ሲጫኑ ታስክ ማናጀር ይከፈታል። ኮምፒውተሩ በሚንቀራፈፍበት ሰዓት ሦስቱን ቁጥሮች ያንብቡ። «ዲስክ» የሚለው 100 ፐርሰንት ላይ ተጣብቆ ሌሎቹ ዝቅ ካሉ ችግሩ አሮጌው ሃርድ ዲስክ ነው። መፍትሔው 240 ወይም 256 ጊጋባይት የሆነ ባለ 2.5 ኢንች ሳታ ኤስኤስዲ (የሚሽከረከር አካል የሌለው ፈጣን ማከማቻ) ማስገባት ነው፤ ያገለገለ ላፕቶፕ ላይ ከሚወጣ ገንዘብ ሁሉ ይህን ያህል የሚክስ የለም። «ሜሞሪ» ከ85 ፐርሰንት በላይ ከሆነ ራም (ኮምፒውተሩ ሲሠራ የሚጠቀምበት ጊዜያዊ ማስታወሻ) ያንሰዋል፤ 4 ጊጋ ካለው ወደ 8 ያሳድጉት። ከመግዛትዎ በፊት ውስጥ ያለውን ራም አውጥተው ጽሑፉን ያንብቡ። የራም ዓይነቶች ይለያያሉ፤ ዲዲአር3 በዲዲአር4 ቦታ አይገባም። ብዙ የአራተኛና የአምስተኛ ትውልድ ፕሮሰሰር ያላቸው ላፕቶፖች (ትውልዱ እንዴት እንደሚነበብ ከታች ለሐንጋቱ ጠያቂ መልሰናል) ደግሞ የሚቀበሉት በ1.35 ቮልት የሚሠራውን ዲዲአር3ኤል ነው። ተራውን የ1.5 ቮልት ዲዲአር3 ሲያስገቡባቸው አልነሳም ይላሉ፤ ያኔ ራሙ ተበላሽቷል ተብሎ ይጣላል።

ኤስኤስዲ ካስገቡ ዊንዶውሱ እሱ ላይ አዲስ ይጫናል፤ አሮጌው ዲስክ ሳይነካ ከነፋይልዎ ይቀመጥልዎታል። ሃርድ ዲስኩ «ቀጭ ቀጭ» የሚል ድምፅ ማሰማት ከጀመረ ግን ሁሉንም ሥራ አቁመው ፋይልዎን ወደ ሌላ ቦታ ይገልብጡ። ያ ዲስክ ለመሞት የተቃረበ ነው፤ እሱን ፎርማት ማድረግ ያለችውን ጥቂት ዕድሜ መጨረስ ነው።

ኮምፒውተሬ ላይ የነበረው ቀን ልክ ስላልመሰለኝ በእኛ አቆጣጠር 2018 ብዬ፣ ሰዓቱንም በእኛ አስተካከልኩት። ከዚያ ወዲህ ብዙ ድረ ገጽ ቀይ ማስጠንቀቂያ እያወጣ አይከፈትም። ቫይረስ ነው ተብዬ ፎርማት አስደርጌ ለጥቂት ቀን ሠራ፤ ቀኑን ሳስተካክል ተመለሰ።
*ከገዳ*

ምክንያቱን በመጨረሻው ዐረፍተ ነገር ራስዎ ጽፈውታል። ቫይረስ የለም።

እያንዳንዱ ጥብቅ ድረ ገጽ ማንነቱን የሚያረጋግጥ ሰርተፊኬት አለው፤ ሰርተፊኬቱ ላይ የሚጀምርበትና የሚያበቃበት ቀን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ተጽፏል። ዕድሜው አጭር ነው፤ ከአንድ ዓመት ብዙም አያልፍም። ኮምፒውተርዎ ዘመኑ 2018 ነው ብሎ ሲያምን የዛሬዎቹ ሰርተፊኬቶች ሁሉ ከሰባትና ከስምንት ዓመት በኋላ የሚጀምሩ መስለው ይታዩታል። «ገና ያልተጀመረ ሰርተፊኬት ይዘህ መጣህብኝ» ብሎ ይዘጋል። ክሮም ላይ ማስጠንቀቂያው ሰዓትዎ ወደ ኋላ ቀርቷል የሚል ወይም ግንኙነቱ የግል አይደለም የሚል ነው።

የሚስተካከለው እንዲህ ነው። ሴቲንግስ ውስጥ «ታይም ኤንድ ላንጉጅ»፣ ከዚያ «ዴት ኤንድ ታይም» ይግቡ። የሰዓት ክልሉን ሲመርጡ አዲስ አበባ የሚል አይፈልጉ፤ ዊንዶውስ ዝርዝር ውስጥ የእኛ ሰዓት ያለው «ናይሮቢ» በሚለው ስም፣ ፕላስ 3 ላይ ነው። ቀጥሎ ቀኑንና ዓመቱን በእጅዎ በአውሮፓውያን ያስገቡ። ጠዋት 2 ሰዓት ከሆነ 8 ኤኤም፣ ማታ 2 ሰዓት ከሆነ 8 ፒኤም ይበሉ። «ሴት ታይም አውቶማቲካሊ» የሚለውን ማብራት የሁሉም የመጨረሻ ይሁን። ቅደም ተከተሉን የምናጠብቀው ያለ ምክንያት አይደለም። በኢንተርኔት የሚመጣው ሰዓትና የኮምፒውተሩ ሰዓት ልዩነት ከ15 ሰዓት በላይ ሲሆን ዊንዶውስ ብዙ ጊዜ በራሱ ለማረም እምቢ ይላል። መጀመሪያ በእጅ አቅርበውለት ቀሪዎቹን ደቂቃዎች እሱ ያስተካክላል።

ዓመቱን ትተው ሰዓቱን ብቻ በእኛ ያደረጉ አንባቢዎችም ጽፈውልናል። ስድስት ሰዓት መሳት ድረ ገጾችን ብዙም አይዘጋም፤ ነገር ግን በየ30 ሰከንዱ የሚቀያየር የማረጋገጫ ኮድ የሚሰጡ ፕሮግራሞች ኮዱ ልክ አይደለም ይላሉ። የሀገራችንን ቀን ማየት የሚፈልግ ለብቻው የሚያሳይ ፕሮግራም ይጫን፤ የማሽኑን ሰዓት ግን አይንካ።

በትክክል አስተካክለው፣ ኮምፒውተሩ ከሶኬት ተነቅሎ ሲያድር ቀኑ ወደ ድሮ ዓመት የሚመለስ ከሆነ ደግሞ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ክብ ጠፍጣፋ ባትሪ ሞታለች። ሲአር2032 ትባላለች፤ 3 ቮልት ናት። በመልቲሜትር ተለክታ ከ2.7 በታች ካሳየች ይቀይሯት። የመብራት ገመዱን ነቅለው፣ መያዣዋን በቀስታ ገፍተው ያውጧት፤ አዲሷን የመደመር ምልክቱ ወደ ላይ ሆኖ ያስገቡ። አሮጌ ዴስክቶፕ ላይ ከዚህ በኋላ ባዮሱ (ከዊንዶውስ በፊት የሚነሣው የማሽኑ መሠረታዊ ፕሮግራም) የፋብሪካ ቅንብሩን ስለሚይዝ ኮምፒውተሩ ዊንዶውስ የለም ሊል ይችላል። አይደንግጡ። ባዮስ ውስጥ ገብተው ሃርድ ዲስኩን የመጀመሪያ መነሻ ያድርጉት። አሁንም ካልተነሳ የሳታውን ዓይነት፣ ማለትም ኤኤችሲአይ ወይም አይዲኢ የሚለውን፣ ቀድሞ ወደነበረው ይመልሱ።

የዴስክቶፑን ኬዝ ስነካው ይነዝረኛል፤ በተለይ ባዶ እግሬን ስሆን። ልጆቼም ይጠቀሙበታል፤ ፈርቻለሁ። በቴስተር ሲነካ ይበራል።
*እናት፣ ከጎሮ*

እሜቴ፣ ስጋትዎ ተገቢ ነው። ምክንያቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ ኮምፒውተሩ ውስጥ ሳይሆን ግድግዳው ውስጥ ነው፦ ኧርዝ፣ ማለትም ከመሬት ጋር የሚያያይዘው መስመር፣ የለም።

ፓወር ሰፕላዩ ውስጥ ኤሌክትሪኩን የሚያጣሩ ሁለት ትናንሽ ካፓሲተሮች አሉ፤ አንዱ ከፌዝ (ኮረንቲ ከሚያመጣው ሽቦ)፣ ሌላው ከኑትራል (ከመመለሻው ሽቦ) ተነሥቶ ኬዙ ላይ ይገናኛሉ። ኬዙ በኧርዝ ሽቦ ከመሬት ጋር ከተያያዘ በእነሱ የምታልፈው ጥቂት ኮረንቲ ወደ መሬት ትሄዳለች። ኧርዝ ከሌለ ግን ኬዙ ላይ የ220ው ግማሽ፣ 110 ቮልት ገደማ ይቀመጣል። የኮረንቲው መጠን ከ1 ሚሊአምፔር በታች ስለሆነ ይነዝራል እንጂ አይዝም። ቴስተሩ የበራውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ይህ ማብራሪያ የሚሠራው መንዘሩ ቀላል ሲሆን ነው። እጅ የሚይዝ ወይም የሚወረውር ከሆነ ፌዝ ኬዙን ነክቶታል፤ ዛሬውኑ ይንቀሉት፤ ባለሙያ ሳያየው ማንም እንዳይነካው።

አሁን መስመሩን ይፈትሹ። የኮምፒውተሩ ገመድ ሶኬት ጎንና ጎን ላይ የብረት ልሳን አለው፤ ኧርዙ እሱ ነው። ግድግዳዎ ላይ ያለው ሶኬት ሁለት ቀዳዳ ብቻ ኖሮት የጎን ብረት ከሌለው መስመሩ እዚያው ይቋረጣል። ብዙ ሰው የማይጠረጥረው ግን ማከፋፈያውን ነው። ከላይ የጎን ብረት እያለው በገመዱ ውስጥ ሁለት ሽቦ ብቻ የሚያልፍ ማከፋፈያ ገበያው ላይ ሞልቷል። ትክክለኛው ሦስት ሽቦ አለው፤ ሦስተኛው ቢጫና አረንጓዴ ነው።

ቤቱ ጨርሶ ኧርዝ ከሌለው የኤሌክትሪክ ባለሙያ መሬት ውስጥ ዘንግ ቀብሮ መስመር ያውጣልዎ። የአዳማ አፈር በበጋ ስለሚደርቅ ዘንጉ ጥልቅ ይግባ፤ ቦታው እርጥበት የሚያገኝበት ቢሆን ይመረጣል። ሁለት ነገር እንዲደረግ ፈጽሞ አይፍቀዱ። አንደኛው ኧርዙን ከውኃ ቧንቧ ጋር ማሰር ነው፤ ቧንቧው የሆነ ቦታ ላይ ፕላስቲክ ከሆነ ኮረንቲው ወደ መሬት አይሄድም፣ ቧንቧ የከፈተውን ሰው ያገኛል። ሁለተኛው ሶኬቱ ውስጥ ኧርዝና ኑትራልን በአጭር ሽቦ ማገናኘት ነው። መንዘሩን ወዲያው ስለሚያጠፋ የተስተካከለ ይመስላል፤ ኑትራሉ አንድ ቀን ሲበጠስ ግን ሙሉው 220 ቮልት ኬዙ ላይ ይወጣል። ይህ ሰው ይገድላል።

እስከዚያው ልጆቹ ጫማ አድርገው ይጠቀሙ፤ ስክሪን፣ ፕሪንተር ወይም ቴሌቪዥን ከኮምፒውተሩ ጋር የሚገናኘውም ሁሉም ከመብራት ተነቅሎ ሳለ ይሁን። ኧርዝ በሌለው ቤት ኤችዲኤምአይ ገመድ በበራ ማሽን ላይ መሰካት ወደቡን ሊያቃጥል ይችላል።

መብራት ሲሄድና ሲመጣ ዴስክቶፑ እንዳይበላሽ ስታቢላይዘር ልግዛ ወይስ ዩፒኤስ?
*ከዳቤ*

ዩፒኤስ፤ መብራት ሲሄድ ኮምፒውተሩን በውስጡ ባለው ባትሪ የሚያቆየው እሱ ነው። ስታቢላይዘር ቮልቴጅ ከፍና ዝቅ ሲል ያስተካክላል፤ መብራት ሲሄድ ግን አብሮ ይሄዳል። ተራ ዴስክቶፕና ስክሪን አብረው ከ100 እስከ 150 ዋት ስለሚወስዱ 650 ቪኤ (የዩፒኤስ አቅም መለኪያ ነው) የሆነ ዩፒኤስ ይበቃል። ውስጡ ያለው 12 ቮልት፣ 7 አምፔር ሰዓት ባትሪ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ያቆያል፤ ጊዜው ሥራ አስቀምጦ በሥርዓት ለማጥፋት እንጂ ሥራ ለመቀጠል አይደለም። ሌዘር ፕሪንተር በፍጹም አይሰኩበት፤ ሲሞቅ የሚስበው ኃይል ዩፒኤሱን ያጨናንቀዋል። ባትሪው በሙቀት ቶሎ ስለሚደክም ከሁለት ከሦስት ዓመት በኋላ መቀየሩን ከወዲሁ ያስቡበት።

ላፕቶፕ የራሱ ባትሪ ስላለው ዩፒኤስ አያስፈልገውም። ዩፒኤስ እስኪገዛ ድረስ መብራት ሲሄድ ዴስክቶፑን ከሶኬት መንቀል ነው፤ ብዙ ፓወር ሰፕላይ የሚቃጠለው መብራት ሲመለስ ባለው የመጀመሪያ ግፊት ነው። ተመልሶ ጥቂት ደቂቃ ከረጋ በኋላ ይሰኩት።

ከውጭ የመጣ አሮጌ ዴስክቶፕ ለገዙ ሁሉ አንድ ማሳሰቢያ፦ ከኋላ፣ ገመዱ በሚገባበት አጠገብ 115 እና 230 የሚል ቀይ ማዞሪያ ካለ፣ ሳይሰኩት በፊት 230 ላይ መሆኑን ይዩ። 115 ላይ ሆኖ ከሶኬት ከተገናኘ ፓወር ሰፕላዩ በዚያው ቅጽበት ይፈነዳል።

በስልኬ ሆትስፖት ነው የምጠቀመው። ምንም ሳላወርድ የገዛሁት ፓኬጅ በአንድ ሌሊት አለቀ። ሰው እየሰረቀኝ ነው?
*ከፍራንኮ አካባቢ*

የሆትስፖቱ ይለፍ ቃል 12345678 ካልሆነ በስተቀር ሌባው ኮምፒውተሩ ራሱ ነው። ስልክ በዋይፋይ ሲያገናኘው ዊንዶውስ እንደ ቢሮ ያልተገደበ መስመር አድርጎ ስለሚቆጥረው በመቶዎች የሚቆጠር ሜጋባይት፣ አንዳንዴም ብዙ ጊጋ ማሻሻያ ሌሊቱን ሲያወርድ ያድራል። ሴቲንግስ ውስጥ «ኔትወርክ ኤንድ ኢንተርኔት»፣ «ዋይፋይ»፣ ከዚያ የተገናኙበትን ስም «ፕሮፐርቲስ» ይክፈቱና «ሚተርድ ኮኔክሽን» የሚለውን ያብሩ። ይህ ቅንብር የሚይዘው ለዚያ ስም ብቻ ነው፤ የሆትስፖትዎን ስም ከቀየሩ ወይም በሌላ ስልክ ከተገናኙ እንደገና ማብራት አለብዎ። «ዴሊቨሪ ኦፕቲማይዜሽን» በሚለው ውስጥ ከኢንተርኔት ካሉ ሌሎች ኮምፒውተሮች ጋር መጋራትን ያጥፉ። «ዳታ ዩሴጅ» የሚለው ገጽ የትኛው ፕሮግራም ስንት እንደበላ በስም ያሳይዎታል።

ከዚያ ዩቲዩብ። ስክሪኑ ትልቅ ስለሆነ ጥራቱን ከፍ አድርጎ ይጀምራል። በ1080 የአንድ ሰዓት ቪዲዮ ከ1.5 ጊጋ በላይ ሊወስድ ይችላል፤ በ480 ግማሽ ጊጋ ገደማ ነው። ትምህርት ለመከታተል 480 በቂ ነው። «አውቶፕሌይ» ይጥፋ።

ማሻሻያውን ግን እስከ ወዲያኛው አይዝጉት። በወር አንድ ጊዜ ያልተገደበ ዋይፋይ ያለበት ቦታ ወስደው ያስወርዱት፤ የደኅንነት ጥገናዎቹ የሚመጡት በእሱ ነው።

የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። አሳይመንት ላሳትም ፍላሼን ማተሚያ ቤት ወስጄ ስመልሰው ፎልደሮቼ ሁሉ ሾርትከት ሆኑ። ሁሉም ነገር ጠፋብኝ።
*ከመብራት ኃይል አካባቢ*

ወንድማችን፣ ፋይሎችህ አልጠፉም፤ ተደብቀዋል። ሾርትከቶቹን ደብል ክሊክ አታድርግ፤ ቫይረሱ ወደ ኮምፒውተርህ የሚገባው በዚያች ንክኪ ነው። ፋይል ኤክስፕሎረርን ክፈትና «ቪው» ውስጥ ገብተህ «ሂድን አይተምስ» የሚለውን አብራ። ቀጥሎ «ኦፕሽንስ» ውስጥ የሲስተም ፋይሎችን የሚደብቀውን ምልክት አንሣ። ያኔ ፈዘዝ ያለ፣ አንዳንዴም ስም የሌለው ፎልደር ብቅ ይላል፤ ሥራህ ያለው እዚያ ውስጥ ነው። የምታውቃቸውን የዎርድ፣ የፒዲኤፍና የፎቶ ፋይሎች ብቻ ወደ ኮምፒውተርህ ገልብጥ። የማታውቀውን አትንካ። ከዚያ ፍላሹን ፎርማት አድርገው፤ በዚህ ገጽ ላይ ፎርማት አድርግ ብለን የምንመክረው ይህን ብቻ ነው። «ኤክስፋት» ምረጥ፤ ፋት32 ከ4 ጊጋ በላይ የሆነ አንድ ፋይል አይቀበልም። በመጨረሻ ከዊንዶውስ ጋር የሚመጣውን ዲፌንደር ሙሉ ፍተሻ እዘዘው። ሌላ አንቲቫይረስ መግዛት አያስፈልግህም፤ በክራክ የተጫነ አንቲቫይረስ ደግሞ ራሱ በሽታ ነው።

ለወደፊቱ ጽሑፍህን በፒዲኤፍ አስቀምጠህ ወደ ማተሚያ ቤቱ ቴሌግራም ላክላቸው። በእነሱ ኮምፒውተር ላይ የራስህን አካውንት አትክፈት። ፒዲኤፍ ሲሆን የአማርኛ ፊደሉና የገጹ አቀማመጥም አይበታተንም።

ሻጩ «ኮር አይ7 ነው» ብሎ ከሌላው አይ5 በላይ ዋጋ ጠራብኝ። ይሻላል?
*ከሐንጋቱ*

በስሙ አይግዙ፤ ቀጥሎ ያለውን ቁጥር ያንብቡ። አይ5 ተብሎ 8250 ከተከተለ ስምንተኛ ትውልድ ነው፤ አይ7 ተብሎ 2620 ከተከተለ ሁለተኛ። ቁጥሩ በ1 ከጀመረ ሁለቱ የመጀመሪያ አኃዞች ይቆጠራሉ፤ 10210 አሥረኛ፣ 1135 አሥራ አንደኛ ነው። የስምንተኛው አይ5 የሁለተኛውን አይ7 በሩቁ ይበልጠዋል።

ትውልዱ ሌላም ትርጉም አለው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረው መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 አብቅቷል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከኢንቴል የሚቀበለው፣ ከጥቂቶች በስተቀር፣ ከስምንተኛ ትውልድ ጀምሮ ነው። 4 ጊጋ ራም፣ 64 ጊጋ ማከማቻና ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደኅንነት ክፍልም ይጠይቃል። ለባንክና ለክፍያ የሚጠቀሙበት ከሆነ ከስምንተኛ በታች አይውረዱ። ለጽሑፍና ለፊልም ብቻ ከሆነ የቆየውም ያገለግላል፤ ዋጋው ግን በዚያው ልክ ይውረድ።

ሱቁ ውስጥ ቻርጀሩን አስነቅለው 20 ደቂቃ ቪዲዮ ያስከፍቱ፤ ባትሪው ከ30 ፐርሰንት በላይ ከወረደ ደክሟል። የራስዎን ፍላሽ ይዘው ሁሉንም ወደቦች ይሞክሩ፤ ለፍተሻው ባዶ ፍላሽ ይሁን። ኖትፓድ ከፍተው እያንዳንዱን ቁልፍ ይጫኑ። ነጭ ገጽ ሞልተው ስክሪኑ ላይ ነጠብጣብ መኖሩን ይዩ። ባዮስ ውስጥ ሲገቡ የይለፍ ቃል ከጠየቀና ሻጩ ካላወቀው ዋጋው ምንም ያህል ቢረክስ ይተዉት።

ስልኩ ሲደወል ኢንተርኔቱ ይቋረጣል።
*ከሉጎ*

ኤዲኤስኤል (በስልክ መስመር የሚመጣው ኢንተርኔት) እና ድምፅ በአንድ የመዳብ መስመር ስለሚሄዱ የሚለያቸው ፊልተር ያስፈልጋል። ቤት ውስጥ ሁለተኛ ስልክ መኝታ ቤት ካለ ለእሱም የራሱ ፊልተር ይግባለት፤ ብዙ ጊዜ የሚረሳው እሱ ነው። ስልኮቹን ሁሉ ነቅለው ሞደሙን ብቻ በቀጥታ ያገናኙ። ያኔ ካልተቋረጠ ጥፋቱ ፊልተሩ ወይም ስልኩ ነው። የዲኤስኤሉ መብራት አሁንም ብልጭ ድርግም የሚል ከሆነ ግን ችግሩ ከውጭ ያለው መስመር ስለሆነ ወደ ኢትዮ ቴሌኮም፣ 994 ይደውሉ። ፋይበር ያስገባችሁ ደግሞ «ሎስ» የሚለው መብራት ቀይ ከሆነ ቀጭኑ ገመድ ታጥፎ ወይም በሶፋ እግር ተጨፍልቆ እንደሆነ አስቀድማችሁ ተመልከቱ፤ የፋይበር ገመድ እንደ መብራት ገመድ አይጠቀለልም፣ በምስማርም አይታጠፍም።

ከ15 ዓመት በፊት የተጻፈ የማኅበራችን መተዳደሪያ ደንብ በአዲሱ ኮምፒውተር ሲከፈት የእንግሊዝኛ ፊደልና ምልክት ድብልቅልቅ ሆኖ ይታያል። ፋይሉ ተበላሽቷል?
*የእድር ጸሐፊ*

አልተበላሸም፤ እንዳይሰርዙት፤ አዲሱ ኮምፒውተር ላይም ከፍተው «ሴቭ» አይበሉት። የቆዩት የአማርኛ ፕሮግራሞች የግዕዝ ፊደልን የሚያስቀምጡት በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ ነበር። ፎንቱ ካለ አማርኛ ይታያል፣ ከሌለ ከሥር ያለው ላቲን ይወጣል። ፊደላችን የራሱን ቋሚ ቦታ በዩኒኮድ (ለዓለም ፊደላት ሁሉ በወጣው የጋራ የኮምፒውተር መለያ) ያገኘው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከዚያም በኋላ ብዙ ጽሕፈት ቤት በአሮጌው ቆይቷል። ደንቡ የተጻፈበትን ፎንት ከአሮጌው ኮምፒውተር «ፎንትስ» ፎልደር ገልብጠው ይጫኑት፤ ይነበባል። ወዲያው በፒዲኤፍ አንድ ቅጂ ያስቀምጡ። ከዚያ በመቀየሪያ ፕሮግራም ወደ ዩኒኮድ ይለውጡትና ከፒዲኤፉ ጋር መሥመር በመሥመር ያመሳክሩ፤ በመቀየር ጊዜ በብዛት የሚሳሳቱት ሥርዓተ ነጥቦችና የግዕዝ ቁጥሮች ናቸው።

አዲስ ለሚጽፉት ዊንዶውስ ራሱ የአማርኛ ኪቦርድ አለው። «ታይም ኤንድ ላንጉጅ» ውስጥ አማርኛን ይጨምሩ፤ የዊንዶውስ ቁልፍና ስፔስን አንድ ላይ ሲጫኑ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ ይቀያየራል።

የእህቴ ቴሌግራም «የደረሰሽን ኮድ ላኪልኝ» አለኝ፤ ላክሁ። አሁን በእኔ ስም ዘመዶቼን ገንዘብ እየጠየቀ ነው።
*ከአዳማ*

እኅታችን፣ በስልክሽ ላይ ቴሌግራሙ አሁንም የሚከፈትልሽ ከሆነ አሁኑኑ ሴቲንግስ ውስጥ «ዲቫይስስ» ግቢና ሌሎቹን ሁሉ የሚያስወጣውን ተጫኚ። አዲስ የገባ መሣሪያ የመጀመሪያዎቹን 24 ሰዓታት ሌሎችን ማስወጣት ስለማይችል በዚያ ጊዜ ውስጥ የበላይነቱ ያንቺ ነው። ቀጥሎ «ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኪዩሪቲ» ውስጥ «ቱ ስቴፕ ቬሪፊኬሽን» ከፍተሽ የይለፍ ቃል አድርጊ፤ ከዚያ ወዲህ ኮዱ ብቻውን አያስገባም። ለዘመዶችሽ በቴሌግራም ሳይሆን እየደወልሽ ንገሪያቸው። ለእህትሽም ደውዪላት፤ የእሷ አካውንት ካንቺ በፊት ተወስዷል።